ከማን ነው የምንጠበቀው? «የስልክ ሴቲንግ መነካካት ከንቱ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። የግል መረጃን ለመጠበቅ ብሎ የስልክን ሴቲንግ ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው ይላል። ለእኔ ከዘመድም፣ ከደንበኛም፣ ከድሮ የክፍል ጓደኛም ተልኮልኛል። አጻጻፉ ይጥማል፤ ጸሐፊውም ጉዳዩን የማያውቁ ሰው አይደሉም። መልስ ለመስጠት የተነሣሁት ጽሑፉን አንብበው «እንግዲያውስ የቴሌግራሙን ፓስወርድ አጥፋልኝ» እያሉ ወደ ሱቄ የሚመጡ ሰዎች በማየቴ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። የሰው ስልክ ሲሰበር፣ ሲጠፋና ሲሸጥ ምን እንደሚከተል የዕለት ተዕለት ሥራዬ ያሳየኛል።

በቅድሚያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጉግልና ሜታ (የፌስቡክ ባለቤት) ስለ እኛ የሚያውቁትን አስቀድመው አውቀዋል፤ ሴቲንጉን የሠሩትም እነሱው ስለሆኑ ማብሪያ ማጥፊያው ለይስሙላ የተቀመጠ ነው ይላሉ። የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ደግሞ የሚያስጨንቀው ነገር የለም። በእኛ አገር እውነተኛው አደጋ ሌባና አጭበርባሪ ነው፤ እነሱን ደግሞ ሴቲንግ አያቆማቸውም፤ ስለዚህ ነገሩ የውጭ ሰዎችና የአዲስ አበባ ቢሮ ሠራተኞች ጭንቀት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ስለወጣም ሥራውን ለመንግሥት መተው ይበቃል። በመጨረሻም ሴቲንግ የሚነካካ ሰው አፑን ያበላሻል፣ ትልልቅ ሰዎች ከገዛ አካውንታቸው ውጭ ተቆልፎባቸው ይቀራሉ፤ ስለሆነም የቴሌግራምን «ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» (ከሚላከው ኮድ በላይ ፓስወርድ የሚጠይቀውን መቆለፊያ) ጭምር ማጥፋት ይሻላል ብለው ይመክራሉ። ይህን ሁሉ የሚያጠቃልሉበት ምሳሌ «ጣሪያ ለሌለው ቤት በር መቆለፍ» የሚል ነው።

የማልስማማበት ነገር ሥሩ አንድ ነው። ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ከማን ነው የምንጠበቀው?» ብሎ አይጠይቅም። ጉግልን ማቆም ካልተቻለ ማንንም ማቆም አይቻልም ብሎ ይነሣና እዚያው ይደርሳል። ስልካችንን የሚያየው ዓይን ግን ብዙ ነው። ኩባንያው አለ፣ ጠጋኙ አለ፣ የሰረቀው አለ፣ በግሩፕ ውስጥ ያለ የማናውቀው ሰው አለ፣ አንዳንዴም አንድ ጣሪያ ሥር የምንኖረው ሰው አለ። አንደኛውን የማያቆም ማብሪያ ሌላኛውን ያቆማል። ጣሪያው ቢያፈስም በር የሚቆለፈው ለዝናብ አይደለም።

«ማብሪያው የይስሙላ ነው» የሚለው በከፊል እውነት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2018 አሶሼትድ ፕሬስ ባደረገው ምርመራ፣ በጉግል ላይ «ሎኬሽን ሂስትሪ» የሚለውን ያጠፉ ሰዎች እንኳ የነበሩበት ቦታ መመዝገቡ እንዳልቀረ ታወቀ። «ዌብ ኤንድ አፕ አክቲቪቲ» የተባለ ሌላ ማብሪያ በርቶ ስለነበር ነው። ጉግል በ2022 ለ40 የአሜሪካ ግዛቶች 391.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ጉዳዩን ዘጋ። ጸሐፊው ይህን ቢጠቅሱ ክርክራቸው ይጠነክርላቸው ነበር። ሆኖም ታሪኩን ልብ ብሎ ላየው፣ ሰዎቹን የጎዳቸው ማብሪያ መንካታቸው አልነበረም። ሁለተኛ ማብሪያ እንዳለ በግልጽ አልተነገራቸውም። ዛሬ ሁለቱንም ማጥፋት ይቻላል፤ ሁለቱም ያሉት በጉግል አካውንታችን ውስጥ «ዳታ ኤንድ ፕራይቬሲ» በሚለው ገጽ ነው።

ጸሐፊው ያላነሡት ሌላም አለ፣ እኔ ላንሣላቸው። በ2020 ቴክኖ ደብሊው2 በተባለ ርካሽ ስልክ ላይ ባለቤቱ ሳያውቅ የሚከፈልበት አገልግሎት የሚመዘግብ ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ከመሸጡ በፊት ተጭኖ መገኘቱ ተዘገበ፤ ችግሩ ከታየባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። አምራቹ ያለ እኔ ዕውቀት በአቅራቢ በኩል የገባ ነው ብሏል። በዚያ ስልክ ላይ ሴቲንግ ቢነካካ ምንም አይፈይድም ነበር፤ ይህንን አልክድም።

ነገር ግን ማብሪያ ሁሉ የይስሙላ ቢሆን ኖሮ የሚከተለው አይሆንም ነበር። አፕል በሚያዝያ 2021 ባወጣው የአይፎን ሲስተም፣ አይኦኤስ 14.5፣ ላይ ማንኛውም አፕ በሌሎች አፖችና ድረ ገጾች ላይ ባለቤቱን ከመከታተሉ በፊት እንዲጠይቅ አስገደደ። አንዲት ጥያቄ ናት፤ ይከታተልህ ወይስ አይከታተልህ? ሜታ በየካቲት 2022 ይህ ለውጥ በዚያው ዓመት 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያሳጣው ራሱ ተናገረ። ይስሙላ ለሆነ ነገር ይህን ያህል ገንዘብ አይታጣም። አንድሮይድ ላይም «ሴቲንግ» ውስጥ «ጉግል»፣ ከዚያ «አድስ» የሚለው ጋ ገብቶ የማስታወቂያ መለያ ቁጥርን መሰረዝ ይቻላል። ያ ቁጥር የተለያዩ አፖች «ይህ ያው ሰው ነው» ብለው የሚያያይዙበት ክር ነው። ሲሰረዝ ጉግል እኛን አይረሳንም፤ በመቶ የሚቆጠሩ ስማቸውን የማናውቃቸው ትንንሽ ድርጅቶች ግን ክሩ ይበጠስባቸዋል።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ በጣም የከነከነኝ እሱ ነው። «የሚደበቅ ነገር ከሌለህ ምን አስጨነቀህ?» የሚለውን ጥያቄ ድሬና ሐረር ላደገ ሰው ማቅረብ ይከብዳል። ሴቶች ብቻ የሚሰባሰቡበት የሰርግ ዝግጅት እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ሒና ይቀባሉ፣ ፀጉራቸውን ይገልጣሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። በዚያ ፎቶ ውስጥ ወንጀል የለም፣ ነውርም የለም። ለባዕድ ወንድ ዓይን ግን አልተነሣም። ያ ፎቶ በአንዷ እንግዳ ስልክ ውስጥ ይቀመጣል፤ የስልኩ ስክሪን ተሰብሮ ሳይቆለፍ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ የሰርጉ ሴቶች ሁሉ አብረው መጡ ማለት ነው። የስልኩ ባለቤት «እኔ የምደብቀው የለኝም» ማለት ትችላለች። ስለ ሌሎቹ ግን ማን ሥልጣን ሰጣት?

የስልክ ቁጥር ዝርዝርም እንዲሁ ነው። አንድ አፕ «ኮንታክት ልይ» ብሎ ሲጠይቀን የምንፈቅደው የራሳችንን ብቻ አይደለም፤ የእናታችንን፣ የሐኪማችንን፣ የጎረቤታችንን ልጅ ቁጥር ጭምር ነው። በኬንያና በሕንድ በስልክ የሚያበድሩ አፖች ተበዳሪው ሲዘገይ የኮንታክቱን ሰዎች እየደወሉ ሲያዋርዱት ቆይተው፣ ጉግል በ2023 የብድር አፖች የሰውን ኮንታክትና ፎቶ እንዳያዩ ከለከለ። ክልከላው እስኪመጣ ድረስ ግን «አሎው» የሚለውን ያልተጫነ ሰው ብቻ ነበር የተረፈው።

ሌላ ምሳሌ፣ ለከተማችን ይበልጥ የሚቀርብ። በኅዳር 2020 መዘርቦርድ የተባለው የዜና ክፍል እንደዘገበው፣ ሙስሊም ፕሮ የተባለው የሶላት ሰዓትና የቂብላ (የመስገጃ አቅጣጫ) አፕ የተጠቃሚዎቹን ቦታ ኤክስ-ሞድ ለሚባል መረጃ ነጋዴ ይሰጥ ነበር፤ የዚያ ነጋዴ መረጃ ደግሞ በኮንትራክተሮች በኩል ለአሜሪካ ጦር ይደርስ ነበር። ዜናው ሲወጣ አፑ ከኤክስ-ሞድ ጋር መሥራቱን አቆምኩ አለ። በጥር 2024 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኤክስ-ሞድን የወረሰው ድርጅት ስሱ የሆኑ ቦታዎችን መረጃ እንዳይሸጥ ከለከለው። እነዚያ ተጠቃሚዎች ምን የሚደብቁት ነበራቸው? ሊሰግዱ ነው አፑን የጫኑት።

በዚህ ላይ ሴቲንግ ምን ያደርጋል? ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ አፕ ቦታችንን ሲጠይቅ «ፕሪሳይስ» እና «አፕሮክሲሜት» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ይመጣሉ። ሁለተኛውን ከመረጥን አፑ የሚያውቀው ሦስት ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሚያህል ክልል ውስጥ መሆናችንን ነው። ለሶላት ሰዓት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ፀሐይ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ለማለፍ አራት ደቂቃ ይፈጅባታል፤ አንድ ዲግሪ ደግሞ በእኛ አካባቢ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሳቢያን ሰፈር እስከ መጋላ ሰፈር ያለው ልዩነት የሰኮንዶች ጉዳይ ነው ማለት ነው። ቂብላውም ቢሆን፣ መካ ከድሬዳዋ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ፣ ሰፈር ቢቀየር አቅጣጫው በዓይን የሚለይ ለውጥ አያመጣም። አፑ የቤታችንን በር ማወቅ የሚያስፈልገው ለእኛ አልነበረም።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። አዎ፣ የእኛ የመጀመሪያ አደጋ ሌባና አጭበርባሪ ነው። ስሕተቱ «ሴቲንግ አያቆማቸውም» የሚለው ላይ ነው፤ ሴቲንግ ከሁሉ በላይ የሚሠራው በእነሱ ላይ ነውና።

ከራሴ ሙያ ልጀምር፣ ምክንያቱም የሚያምኑት ጠጋኝ እኔም ብሆን ሌላ ሰው፣ ጥያቄው ያው ነው። ስልክ ለጥገና ሲመጣ በብዙ ሱቆች ያለው ልማድ እንዲህ ነው። ፕላስተር ይቆረጣል፣ የባለቤቱ ስም በእስክርቢቶ ይጻፍበታል፣ ከሥሩ ዘጠኝ ነጥብ ተነጥቦ ፓተርኑ በመስመር ይሳልበታል፣ ከዚያ ስልኩ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። ደንበኛው «አቦ ምን ችግር አለው፣ ፓተርኗ የኤል ፊደል ናት» ብሎ ይሄዳል። ስልኩ ተራው እስኪደርስ ከሌሎቹ ጋር ተደርድሮ ይውላል። ሙያ የሚለማመደው ልጅ ያየዋል፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ቻርጀር የሚጠይቅ ሰው ያየዋል። በአንዱ ሱቅ መለዋወጫ ሲጠፋ ስልኩ ከነፕላስተሩ ወደ ሌላው ይላካል። ያቺ ፓተርን ቴሌብሩንም፣ የባንኩንም አፕ፣ የሰርጉንም ፎቶ የያዘውን ስልክ የምትከፍት ናት።

የሚያሳዝነው፣ በአብዛኛው አታስፈልግም። ስክሪን ለመቀየር ፓተርን አያስፈልግም፤ አዲሱ ስክሪን መንካት መቀበሉን ፓተርን በሚጠይቀው ገጽ ላይ እያንሸራተትኩ አየዋለሁ። ካሜራው ስልኩ ሳይከፈት ይሠራል፤ እንዲህ ሲከፈትም ያኔ ያነሣሁትን እንጂ የቆየ ፎቶ አያሳየኝም። ባትሪና የቻርጀር መግቢያ ለመቀየርም ምንም መክፈት አያሻም። የሳምሰንግ ስልክ ያለው ሰው ደግሞ በቅርብ ዓመታት ሞዴሎች ላይ «ሜይንተናንስ ሞድ» የሚል አለለት፤ ሲበራ ጠጋኙ ስልኩን እየተጠቀመ ፎቶውንም መልእክቱንም ሳያይ ይሠራል። የግድ መከፈት ያለበት ጥገና ሲሆን ባለቤቱ ቆሞ ይክፈተው፣ ካልሆነም ፓተርኑን ለጊዜው ቀይሮ ይስጥና ሲረከብ ይመልሰው። ይህን የምለው የሙያ ባልደረቦቼን ለማማት አይደለም፤ አብዛኞቹ እጃቸውም ዓይናቸውም ንጹሕ ነው። ግን ሰው የማያውቀውን ሰው እንዲያምን ሳይገደድ ሥራው መሠራት ከቻለ፣ ለምን ይገደዳል?

ስልኩ ሲሰረቅስ? ስልካችን ተቆልፎ እያለ የሚመጣ የኤስኤምኤስ ኮድ በተቆለፈው ስክሪን ላይ ከታየ ሌባው ሳይከፍተው ያነበዋል። «ኖቲፊኬሽን» ውስጥ በተቆለፈ ስክሪን ላይ ዝርዝሩ እንዳይታይ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እሱን ማስተካከል ከጫማ ማሰር ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ጠንቃቃ ሌባ ግን ይህንንም ያልፋል፤ ሲሙን ነቅሎ ሌላ ስልክ ውስጥ ይከትና ኮዱን እዚያ ይቀበላል። ለዚህ የሲም ፒን አለ፤ ሲሙ በሌላ ስልክ ሲገባ ቁጥር ይጠይቃል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ፒዩኬ የሚባለውን ረጅም ቁጥር ይጠይቃል፤ ስለዚህ ያ ቁጥር የተጻፈበትን የሲሙን መያዣ ካርድ ያልጣለ ሰው ይህን ቢያደርግ ይሻላል። በስልኩ ውስጥ ያለውን ደምስሶ እንደ አዲስ ለመሸጥ ሲሞክር ደግሞ የቀድሞውን የጉግል አካውንት ይጠይቀዋል። የሚሰብረው አይጠፋም፤ ግን ዋጋውን ይቀንስበታል፣ ሥራውንም ያበዛበታል።

አጭበርባሪው ጋ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። «ከባንክ ነው የምንደውለው» የሚለውን ጥሪ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ሰዎችን የሚያሞኛቸው ደዋዩ ስማቸውን መጥራቱ ነው። አንዲት አዴ (እናት) «ስሜን ካወቀማ ከባንክ ነው ብዬ» ብለውኛል፤ ኮዱን ለመንገር የቀራቸው ጥቂት ነበር። ስማቸውን ከየት አመጣው? ማንም ሰው ያገኘውን ቁጥር ይዞ በቴሌግራም የባለቤቱን አካውንት ካገኘ፣ ስሙንም ፎቶውንም ሊያይ ይችላል። ከባንክ የወጣ መረጃ አያስፈልገውም። መድኃኒቱ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ ነው። «ፎን ነምበር» የሚለውን «ኖባዲ» ማድረግ፣ ያኔ ከሥሩ የሚመጣውን «በቁጥሬ ማን ያግኘኝ» የሚል ጥያቄ «ማይ ኮንታክትስ» ማድረግ፣ የፕሮፋይል ፎቶውንም እንዲሁ። «ግሩፕስ» የሚለውንም እዚያው ብታስተካክሉ፣ ተነሥታችሁ በማታውቁት የኢንቨስትመንት ግሩፕ ውስጥ ራሳችሁን አታገኙም።

ከዚያ ደግሞ ያቺ የታወቀች መልእክት አለች፤ «ለእህቴ ልጅ ድምፅ ስጡልኝ» የምትል ሊንክ። የላከው ጓደኛችን ይመስለናል፤ እሱም አካውንቱ ተጠልፎበት ነው። ሊንኩ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ ከቴሌግራም የመጣውን ኮድ ይጠይቃል፣ ከዚያ በእኛ ስም ለዘመዶቻችን «አስቸኳይ ብር ላክልኝ» እየተባለ ይጻፋል። ጸሐፊው አጥፉ የሚሉት «ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» በዚህች ቅጽበት ነው የሚያስፈልገው። ኮዱን ያገኘው ሰው ፓስወርዱን ካላወቀ አይገባም። ገጹ ፓስወርዱንም ሊጠይቅ ይችላል፤ ግን ያኔ ሰው ቆም ብሎ ያስባል፣ ድምፅ ለመስጠት ፓስወርድ ምን ያደርጋል ብሎ። ቀድሞ የተጠለፈ የመሰለው ሰው ደግሞ «ዲቫይስስ» የሚለውን ገብቶ አካውንቱ በየትኞቹ ስልኮች እንደተከፈተ ማየትና ባዕዱን ማስወጣት ይችላል።

ይህ ሁሉ የአዲስ አበባ ሰዎች ጭንቀት ነው ለሚለው ብዙ መልስ አያሻም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 2014 ኔትወርኩን ለሕዝብ በሙከራ የከፈተው በድሬዳዋ ነው። እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ከሰዓት በኋላ ብቅ ያለ ሰው ስንት ስልክ በአንድ ቀን እጅ እንደሚለዋወጥ ያያል። ከሚለዋወጡት ውስጥ «ፋክተሪ ሪሴት» ሳይደረጉ የሚሸጡ አሉ፤ የሻጩ ጂሜይል እንደተከፈተ፣ የልጆቹ ፎቶ እንዳለ። በዛሬዎቹ አንድሮይድ ስልኮች መረጃው የሚቀመጠው ተመስጥሮ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ «ፋክተሪ ሪሴት» ከተደረገ የቀድሞውን ፎቶ መልሶ ማውጣት እጅግ አዳጋች ነው። ይህም ሴቲንግ ነው፤ እዚያው ማውጫ ውስጥ ከታች ያለ።

ሴቲንግ የማይችለውንም ልመን። ስልክ በርቶ ከኔትወርክ ጋር እስከተገናኘ ድረስ ኔትወርኩ በየትኛው ምሰሶ ሥር እንዳለን ያውቃል፤ ግንኙነቱን ሳያቋርጥ ይህን የሚያጠፋ ማብሪያ የለም። ፔጋሰስን የመሰለ፣ ሊንክ እንኳ ሳይጫን የሚገባ የስለላ ሶፍትዌር የተላከበት ሰው በተራ ሴቲንግ አይድንም፤ አፕል በ2022 ያወጣው «ሎክዳውን ሞድ» ለእንዲህ ያለ ሰው የታሰበ ነው። ግን ጽሑፉን በየግሩፑ የሚቀባበሉት ነጋዴዎች፣ ተማሪዎችና እናቶች ፔጋሰስ አይደለም የሚያሰጋቸው። እነሱን የሚያሰጋቸው ከላይ የተናገርኩት ነው፤ እሱን ደግሞ ሴቲንግ ያቆመዋል።

ስለ ሕጉ አጭር ልሁን። ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የምናደርገው ግንኙነት እንዳይደፈር ደንግጓል። ጸሐፊው ሕጉን በማስታወሳቸው ልክ ናቸው። ነገር ግን ዐዋጁ መረጃችን ከሚወሰድባቸው ሕጋዊ መንገዶች አንዱ የራሳችን ፈቃድ እንዲሆን አድርጓል። የቀረበልንን ሁሉ «አሎው» እያልን ካለፍን በኋላ ሕግ ፊት ቆመን «ያለ ፈቃዴ ተወሰደብኝ» ማለት ይከብደናል። ፈቃዳችንን የምንሰጠውም የምንነፍገውም በሴቲንግ ነው።

የቀረው «አፕ ይበላሻል፣ ጊዜ ይበላል፣ ትልልቅ ሰው ይቆለፍበታል» የሚለው ነው። አፕ ስለመበላሸት ያሉት ብዙም አያሰጋም። ፈቃድ የተነፈገ አፕ ሲያስፈልገው እንደገና ይጠይቃል፣ ካልጠየቀም ከሴቲንግ መልሶ መፍቀድ ይቻላል፤ ገንዘብ የሚልክ አፕ ኮንታክት ብትከለክሉት የተቀባዩን ቁጥር በእጃችሁ ትጽፋላችሁ፣ ያ ብቻ ነው። ካሜራን ኪውአር ስካን ስታደርጉ «በምጠቀምበት ጊዜ ብቻ» ብላችሁ ስጡት። ባትሪና ፓኬጅም ይተርፋል፤ ከጀርባ ሆኖ ቦታችሁን የሚጠይቅ አፕ የሚበላው የእናንተን ነው። ጊዜውንም ስልኩ ራሱ ያግዛል፤ ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ ለወራት ያልተከፈተ አፕ የተሰጠውን ፈቃድ ስልኩ በራሱ ይነጥቀዋል፤ ጉግል በኋላ ይህን እስከ አንድሮይድ 6 ወደ ኋላ ወስዶታል።

የትልልቅ ሰዎቹ ጉዳይ ግን እውነት ነው፤ ጸሐፊው ይህንን ያነሡት ከርኅራኄ እንደሆነ ይገባኛል። ልጃቸው ከጂቡቲ ወይም ከሳዑዲ ሆኖ ያስገባላቸውን ፓስወርድ ሳያውቁት ስልክ የቀየሩ እናቶች ሱቄ ድረስ መጥተው ያውቃሉ። በቴሌግራም ላይ ፓስወርዱን የረሳና የመጠባበቂያ ኢሜይል ያላስገባ ሰው አካውንቱን ከነመልእክቱ ሊያጣ ይችላል። ከዚህ ተነሥተው «አጥፉት» ማለታቸው ነው ያልገባኝ፤ የሚጎድለው ኢሜይሉ እንጂ የሚተርፈው ፓስወርዱ አይደለምና።

ስለዚህ ጸሐፊውን በአክብሮት የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። የቀረው ሐሳብዎ እንዳለ ይቆይ፣ እንከራከርበታለን፤ «ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽንን አጥፉ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ግን ያንሡልን፣ ጽሑፉ ገና እየተላከ ነውና። በእሷ ፈንታ ይህን ቢጽፉ እኔም ጽሑፉን ለደንበኞቼ እልካለሁ፦ የእናታችሁ ቴሌግራም ላይ ፓስወርድ ስታስገቡ በመጠባበቂያ ኢሜይልነት የራሳችሁን ኢሜይል አስገቡ፣ ወደዚያ የሚመጣውን ማረጋገጫ ኮድ እዚያው ሞልታችሁ ጨርሱ፣ ፓስወርዱንም በወረቀት ጽፋችሁ የቤቱ ካርታና የዕድር ደብተር ካሉበት ቦታ አስቀምጡላቸው።